የሰውአገኝ ስፒከሮች

ሐምሌ 26

ይህ ደብተር የሱቅ ነው። የደንበኛ ስም፣ የዕቃው ዓይነትና የብልሽቱ ምክንያት ይጻፍበታል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከኋላ በኩል የራሴን እጽፍበታለሁ። የምነግረው ሰው የለኝም።

ወንድሜ ሰውአገኝ ከሞተ ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው። እናቴ አታውቅም።

ቅዳሜ ሐምሌ 20 አይሱዙውን እየነዳ ከደባርቅ ወዲያ ጭነት አድርሶ ሲመለስ፣ ድብ ባሕርን አለፍ እንዳለ ተኩስ መካከል ገባ። ማን እንደተኮሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የጠየቅሁት ሁሉ ግራ ቀኙን አይቶ ወሬ ይቀይራል። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ በላቸው የሚኖሩት ድብ ባሕር ነው። አስከሬኑን ያነሱትም፣ መንገዱ ስለተዘጋ በማግስቱ እዚያው የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። እኔ ለቀብሩ አልደረስኩም። አንድ ወንድሜን አፈር ሲያለብሱት ጎንደር ከተማ አራዳ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው ቴሌቪዥን እበይድ ነበር።

እናቴ ደግሞ ሐምሌ 17 የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተነስቶላታል። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ማልቀስ፣ ማጎንበስና ከባድ ነገር ማንሳት ከልክሏታል። ይህን ለአያ በላቸው በስልክ ነገርኳቸው።

«እንግዲያውስ ስድስት ሳምንት አፍህን ያዝ። ልጇን አጥታ ዓይኗን አትጣ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ዕቃ ተቀብዬ ቀጠሮ የምሰጥ ይመስል፣ እሺ ስድስት ሳምንት አልኩ። ስለዚህ ለእናቴ ሰውአገኝ ደባርቅ ነው። መንገድ ተዘግቶበታል፣ ኔትወርክ የለም፣ ደህና ነው።

ሐምሌ 29

አያ በላቸው ስፒከሮቹን እህል በጫነ መኪና ላኳቸው። አምስት ትናንሽና አንድ ትልቅ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው። አይሱዙው ላይ የነበሩት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደባርቅ ውስጥ ቱሪስት ጠፍቶበት የተዘጋ አንድ ሆቴል የአዳራሹን ሆም ቴአትር ይሸጥ ነበር። ሰውአገኝ ለእናታችን ገዛላት። ሪሲቨሩን በሰኔ አምጥቶ ሳሎን አስቀምጦታል። ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ዲሹንም ዲቪዲውንም ስልኩንም ተቀብሎ፣ ድምፁን ለስፒከሮቹ ምስሉን ለቴሌቪዥኑ የሚያከፋፍለው ከባዱ ጥቁር ሳጥን ነው። ስፒከሮቹን በሁለተኛው ጉዞ ሊያመጣቸው ነበር።

እናቴ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው።

«ሰውአገኝ ነው የላከልኝ?»

አዎ አልኳት።

«አየህ፣ መንገድ ተዘግቶበትም አልረሳኝም» አለች።

አንዱ ትንሽ ስፒከር ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። በእጇ አገኘችውና ምንድነው አለችኝ። አይጥ ነው አልኩ። ሱቅ ወስጄ በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ጥሩ ሥራ ሠርቻለሁ።

ነሐሴ 2

ዛሬ ምን እንደምትፈልግ ነገረችኝ። የሰውአገኝን ሠርግ ማየት ትፈልጋለች።

ዳግማዊትን ካገባ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። የዚያን ጊዜ የእናቴ ዓይን ጭጋግ ለብሶ ነበር። ሠርጉን በጆሮዋ ነው የዋለችው። ከዚያ በኋላም ዲቪዲው ሲከፈት እሷ እየሰማች እኛ እያየን ነበር። አሁን ያ ዓይን በርቷል። ሰውአገኝ በሰኔ ሪሲቨሩን ሲያወርድ «ዓይንሽ ይዳን እንጂ እኔን ሙሽራ ሆኜ በትልቁ ታይኛለሽ» ብሏት ነበር።

«አገናኝልኝ ልጄ» አለች። «እሱ እስኪመጣ እሱን ልየው።»

ፍልሰታ ይለፍ አልኳት። በጾም የሠርግ ዘፈን ምን ይሉናል አልኩ። ልክ ነህ አለችኝ። እኔ ለጾም ተቆርቋሪ ሆኜ አላውቅም፤ እሷም ታውቃለች። ግን አመነችኝ።

ነሐሴ 5

መብራት የለም። ተመስገን።

ነሐሴ 6

መብራት የለም። ዛሬም ሰውአገኝ ደውሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኔትወርክ የለም አልኩ። ይህኛው እውነት ነው።

ነሐሴ 10

መብራት መጣ። ምንም ሳላገናኝ ብቀር እጄን አጣጥፌ መቀመጤን ታየዋለች፤ የአሁኑ ዓይኗ ሁሉን ያያል። ሳሎን ግድግዳው ላይ ችንካር መትቼ ስፒከሮቹን ሰቀልኩ። አምስቱን በየቦታቸው፣ ትልቁን መሬት። ገመዱን በግድግዳው ጥግ አስኬድኩ።

እንዲህ ያለውን ሥራ ሌላ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። አንድ ደንበኛ ባለፈው ወር የዲቪዲውን መውጫ ከሪሲቨሩ መውጫ ጋር አገናኝቶ፣ ሁለት ሰው አፍ ለአፍ ገጥሞ እየተናገረ ማን ይሰማል ብዬ ተቆጥቼው ነበር። ሰው ገመድ ከመሰካቱ በፊት መግቢያና መውጫ የሚለውን ቢያነብ ምን ይጎድለዋል።

እኔ ግን ዛሬ አውቄ አበላሸሁ። ከቀኙ ስፒከር ጀርባ፣ ከፕላሱ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ወደ ማይነሱ አስጠጋሁ። ሪሲቨሩ በርቶ ሦስት ሰከንድ ቆየና ራሱን ለመከላከል ቀጥ አለ። እንደገና አበራሁት፤ እንደገና ቀጥ አለ።

«ምነው ጠፋ?» አለች እናቴ።

ዕቃው ረዥም ጊዜ ቆሞ ነው፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ መለዋወጫ ያስፈልገዋል አልኳት። አይዞህ አለችኝ። እኔን አጽናናችኝ።

ለዓይኗ ስል ነው። ስታየው ታለቅሳለች፤ ደስታም ያስለቅሳል። ሐኪሙ የሐዘን ዕንባና የደስታ ዕንባ ብሎ አልለየም።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ምንዳዬ ጎረቤታችን ዶሮ ሠርታ አመጣች። እናቴ ጥሩ አድርጋ በላች። ፈረሰኛውን ለሰውአገኝ ብላ አስቀመጠችው፤ አይደርስም ብንላት «መንገዱ ዛሬ ቢከፈትስ?» አለች። ምንዳዬ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች።

በሱባዔው ቁስቋም ማርያም ስትሳለም ለሰውአገኝ መንገድ ተስላለታለች። በሰላም ከገባ ጥላ አገባለሁ ብላለች። ጥላውን አንተ ታመጣልኛለህ አለችኝ። አመጣለሁ አልኩ። የማልለው ነገር የለም።

ማታ ላይ የተቀመጠውን ፈረሰኛ እኔ በላሁት። ለድመት ልሰጠው ነበር፤ ግን የእሱ ድርሻ ነው ብዬ በላሁት።

ነሐሴ 22

ከሱቅ ስመለስ ምንዳዬ ከአጥሩ ማዶ ለሆነች ሴት ስትናገር ሰማኋት። «ትናንት ስትስቅ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ያ ልጅ ግን አንጀቱ ከምን የተሠራ ነው?» ያ ልጅ እኔ ነኝ።

ከምን እንደተሠራ እኔም አላውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ስሙን ስትጠራ ሰበብ ፈልጌ እወጣ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። እናቴ ስለ ሰውአገኝ ስታወራ አብሬ አወራለሁ። ሲመጣ ይህን እንለዋለን፣ ያን እናሳየዋለን እንባባላለን። ማታ ማታ ከሱቅ ወደ ቤት ስቸኩል ራሴን አገኘዋለሁ። ሰዓት እላፊው ስለሚደርስብኝ ነው።

ነሐሴ 29

አርባው ዛሬ ነው። አያ በላቸው ድብ ባሕር ላይ አወጡለት። ዳግማዊትም ከደባርቅ መጥታ ነበር አሉ።

እኔ ደግሞ ጠዋት እናቴን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ስድስት ሳምንቷ ሞላ። ሐኪሙ አየት አየት አደረገና ሸጋ ነው፣ ድኗል አላት። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች እስከ ታች ለየቻቸው። ከዚያ ቆመችና እልል አለች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ሳቁ፣ አብረው እልል ያሉም ነበሩ። ነርሷ እኔን «ምነው አንተ ደስ አላለህም?» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አለኝ ብዬ ሩቅ ደብር ሄድኩ። ለቁስቋም ካህናት ብነግር ይወራል ብዬ ነው፤ ለካ እነሱም ሰምተዋል። ስሙን አስጠርቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አላለቀስኩም፤ ዓይኔ አብጦ ብገባ ታየዋለች።

አያ በላቸውን ደወልኩላቸው። ዓይኗ ድኗል፣ አሁን ይነገር ልል ነበር የደወልኩት። እሳቸው ቀድመው በዓመት በዓል መዳረሻ መርዶ አይነገርም፣ እንቁጣጣሽ ይለፍ አሉ። እኔም አልተከራከርኩም። ስልኩን ስዘጋ ቀለለኝ። ለእሷ ብዬ ነው የቀለለኝ።

ጳጉሜን 3

ዝናብ። ዛሬ የሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ጠበል ነው። እናቴ ወጥታ ፊቷን ለዝናቡ ሰጠች። ከዚያ ከጣሪያው የሚወርደውን በጀሪካን አጠራቀመች፣ ለሰውአገኝ። ክዳኑን አጥብቄ እንድዘጋላት ሰጠችኝ። ዘጋሁት።

መስከረም 2

እንቁጣጣሽ አለፈ። ሱቅ ብቻዬን ነኝ፣ መብራት የለም፣ በሻማ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር እስካሁን አልጻፍኩም። ሰውአገኝ ያን ቅዳሜ ሊመጣ አልነበረም። መንገዱ አላማረኝም፣ ሳምንት ልቆይ ብሎኝ ነበር ዓርብ በስልክ። እኔ ነኝ «ኧረ አምጣቸው፣ እማዬ ዓይኗ ሲፈታ ድንገት እናሳያት» ያልኩት። እሱ ሳቀና «እሺ፣ አንተ ገመዱን አዘጋጅ» አለ። ከዚያ በኋላ አላወራንም።

ለአያ በላቸው አልነገርኩም። ለማንም አልነገርኩም።

መስከረም 7

እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። ያ መለዋወጫ ከባሕር ዳር በእግሩ ነው የሚመጣው ወይ አለችኝ። ቀጥላም፣

«አንተ ካልቻልክ ጌቾን ልጥራው» አለች።

ጌቾ አራዳ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው የሚሠራው። ፕላስና ማይነስ የማይለይ፣ ሁሉን ነገር በፕላስተር የሚያስር ሰው። ባለፈው ዓመት ያቃጠለውን አምፕሊፋየር እኔ ነኝ ያዳንኩት። ጌቾ እኔ ቤት ገብቶ፣ ያቺን ክር አይቶ፣ ስሜን ጠርቶ ፍቅረ ማርያም ገመድ መግፈፍ አይችልም እያለ አራዳን ሲዞር ታየኝ።

ሐሙስ እሠራዋለሁ አልኳት። የወንድሜን ሞት ችዬ፣ እናቴን ዋሽቼ፣ ያልቻልኩት የጌቾን ሳቅ መሆኑን ስጽፈው አፈርኩ። ግን እውነቱ ይህ ነው።

መስከረም 9

ረጅም እጽፋለሁ። እንቅልፍ የለም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ አስለቅቄ ከሪሲቨሩ ጀርባ ተንበረከክሁ። ያቺን የመዳብ ክር ቆረጥኩ። የዲሹን ገመድ አንደኛው መግቢያ ላይ ሰካሁ። ዲቪዲው አሮጌ ነው፣ ያለው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ብቻ ነው፤ ሪሲቨሩም ከቢጫው የተቀበለውን ምስል በቢጫ እንጂ በሌላ ገመድ አያወጣም። ስለዚህ ሌላ ቢጫ ገመድ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎተትኩ። እናቴ ሶፋው ላይ ሆና እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ታየኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው ተቀምጣለች።

አበራሁት። አልጠፋም። ስፒከሮቹን ለመፈተን ስልኬን በብሉቱዝ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኘሁና መዝሙር ከፈትኩ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ፣ ከመሬት መጣ። የደፈንኩት ስፒከርም እንደሌሎቹ ይዘምራል። እናቴ ራሷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች «የትኛው ነው? ይሄኛው ነው?» ትል ነበር። ሳቀች።

መዝሙሩን አቁሜ የሠርጉን ሲዲ ከተትኩ። ሲዲው አልነበብ አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጣት የነካው ነው። ላጥበው ብዬ በጓሮ በኩል ወደ ቧንቧው ወጣሁ።

በሳሙና እያሸሁት ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኔትወርክ መጥቶ የሰነበተው መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ገባ። ከመካከሉ የአያ በላቸው ነበረ። እሳቸው አይጽፉም፣ በድምፅ ነው የሚልኩ። ማክሰኞ የተላከ ነው። ተጭኜው ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ምንም የለም። ድምፁን ጨምሬ እንደገና ተጫንኩት። ምንም። ሽማግሌው ሳይናገሩ ተጭነው ላኩት ብዬ ተነጫነጭኩ። ለሦስተኛ ጊዜ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ተጫንኩ።

ያኔ ሰማሁት። የአያ በላቸው ድምፅ ከጆሮዬ አይደለም፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ይመጣል።

ስልኬ ከሪሲቨሩ ጋር እንደተያያዘ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ለደንበኛ ሁሉ ከጨረስክ ብሉቱዙን አላቅቅ እላለሁ።

እየሮጥኩ ስገባ መልእክቱ ገና አላለቀም ነበር። ቤቱን ሞልቶታል። እንዲህ ይላል፦

«ፍቅሬ፣ በላቸው ነኝ። የሰውአገኝን መርዶ ቅዳሜ ንጋት እንነግራታለን። ዘመድ ሁሉ ተስማምቷል። ዳግማዊትም ጥቁሯን ለብሳ ከእኛ ጋር ትመጣለች። አንተ ዓርብ ማታ እናትህን በጊዜ አስተኛት፣ በሩን ከፍተህ ጠብቀን። መቃብሩን በድንጋይ አስከብበነዋል፤ ይህን ስትጠይቅ ትነግራታለህ። እስከዚያ እንደያዝከው ያዝ፣ ልጄ።»

ከዚያ ዝም አለ። እናቴ እንደተቀመጠች ነች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። እኔ የሳሙና አረፋ የሚያንጠባጥብ ሲዲ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ሦስት ጊዜ ነገረኝ» አለች።

እግሯ ሥር ወደቅሁ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ዓይንሽ፣ ሐኪሙ፣ እያልኩ ነበር መሰለኝ። አስጨረሰችኝ።

«ስንት ቀኑ ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

«አርባው?»

«አያ በላቸው አወጡለት። ነሐሴ 29።»

በጣቶቿ ወደኋላ ቆጠረች። ስትደርስበት አየኋት። ሐኪም ቤቱን አገኘችው።

«እልል ያልኩ ቀን» አለች።

ከዚያ ምንዳዬ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ታውቃለች አልኩ። ካህናቱስ አለች። ሰምተዋል አልኩ። ቁስቋም ሁሉ ሲያውቅ እሷ ጥላ ስትሳል እንደነበር ነገረችኝ፤ የማላውቅ ይመስል ቀስ ብላ ነገረችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

እኔም በመጨረሻ ተናገርኩት። ስፒከሮቹን ቅዳሜ ካላመጣህ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ሊቆይ ነበር አልኳት። ረዥም ጊዜ አየችኝ።

«ያጠብከውን አምጣ» አለች።

ሲዲውን በሸሚዜ አድርቄ ከተትኩት። ተነበበ። ሪሲቨሩን ከስልክ ወደ ዲቪዲ አዞርኩ። ሠርጉ መጣ፣ ከበሮው ከሁሉም ጎን። ድምፁን ልቀንስ ስል እጇን አነሳችብኝ። ሰውአገኝ ከመኪና ወረደ። ተነስታ እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደች፣ ፊቷ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ከረባቱ ጠሟል» አለች። «ያ ሁሉ ሰው ከቦት አንድ የሚያቃናለት ጠፋ?»

እስከ መጨረሻው አየችው። ሲያልቅ አጥፋው አለችኝ። ቅዳሜ ለሚመጡት ምንም እንዳልናገር አስማለችኝ። «ሽማግሌ ሰው ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ጊዜ ደፍሮ ይመጣል። ሰምቻለሁ ብዬ አላሳፍረውም።»

አሁን እኔ ሳሎን ነኝ፣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። አልተኛችም። ትንፋሿን እሰማለሁ።

መስከረም 11

ንጋት ላይ መጡ። አያ በላቸው፣ ዳግማዊት፣ ሌሎች ስምንት ሰዎች። እናቴ ለባብሳ ነው ያደረችው። ስታያቸው ምነው በሌሊት ደህና ናችሁ አለች። አያ በላቸው «እንኳየሁ፣ እግዜር ሰጠ...» ብለው ሳይጨርሱ ጮኸች። ሁለት ቀን ሙሉ ይዛው የቆየችው ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም።

ሁሉም ሰው ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ አንተ ልጅ ወንድ ነህ፣ እንዴት ቻልከው አለኝ። አያ በላቸው ዘመዱ ሁሉ ፊት አመሰገኑኝ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

የሐዘን ቤት ስለሆነ ስፒከሮቹን አውርዱ አሉ። ያወረድኩት እኔ ነኝ። ገመዶቹን ጠቅልዬ በየስማቸው አሰርኳቸው።

መስከረም 16

ለቀስተኛው ሳሳ። ዛሬ ደመራ ነው፤ ችቦ ይዘው ሲያልፉ ይሰማል። እናቴና እኔ ብቻችንን ቀረን። ሰውአገኝን ያን ቅዳሜ ና በማለትህ አልወቅስህም አለችኝ። እኔም ብሆን ና እለው ነበር አለች። ልቤ ሊያርፍ ሲል ቀጠለች፦

«ሃምሳ አምስት ቀን ደህና ነው አልከኝ። ቀን በቀን፣ ዓይኔን እያየህ። ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጥህ። ግን ልጄ፣ የቀረኸኝ አንተ ነህ። ነገ ስለአንተ ደህና ነው ሲሉኝ ምን ብዬ ልመን?»

እነግርሻለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽሽም አልኩ። እሷም አዎ አለች፣ ልጅ እንደሚሸነግሉት አድርጋ።

መስከረም 24

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በአዘዞ በኩል ተኩስ ተሰማ። አራዳ በአንድ ጊዜ ጭር አለ። ባጃጅ ጠፋ። ጌቾ እንኳ ከማዶ እየሮጠ መጥቶ የእኔን መዝጊያ አብሮኝ አወረደ። ከውስጥ ሆነን ተቀመጥን።

እናቴን ደወልኩላት፤ ስልኩ ሠራ። እማዬ እኔ ደህና ነኝ፣ ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ተዘግቷል፣ ከቤት እንዳትወጪ አልኳት። «ደህና?» አለች። ድምፄ ነው፣ እኔ ነኝ የማወራሽ አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ መስሎኝ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም።

አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ መዝጊያው ተንኳኳ። ጌቾ አትክፈት አለኝ። በቀዳዳው አየሁ። እናቴ ናት፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ከቁስቋም እስከ አራዳ ባዶውን አስፋልት ብቻዋን በእግሯ መጥታ። ተኩሱ አላቆመም ነበር።

ከፈትኩላት። ጮኼባታለሁ፤ እንዴት ትወጫለሽ፣ ደህና ነኝ አላልኩሽም ወይ አልኳት። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ አንገቴን፣ ደረቴን፣ ጎኖቼን ዳበሰች። ያ የዳነው ዓይኗ አላለቀሰም። ከዚያ ጌቾ በርጩማ ሰጣትና ጥግ ላይ ተቀመጠች።